ከኮሶ እስከ እንዶድ፦ የዕፅ ሕክምናችን መታጠፊያዎች ከአገና ሲታዩ

በጉራጌ ምድር፣ በእዣ ወረዳ ዋና ከተማ በአገናና በዙሪያዋ ዛሬም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ይፈልጋል። ከአያቶቹ የሚለየው ወደ ወጌሻው ከመሔዱ በፊት ወይም ከሔደ በኋላ ራጅ መነሣቱ ነው። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶለት ይጠጣል፣ ጭማቂውንም ፊቱንና እጁን ይቀባል፤ ዕፁ ከጓሮ አይጠፋም። ምጥ የያዛት ሴት ግን እንደ አያቷ በልምድ አዋላጅ እጅ መገላገሏ እየቀረ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውለዷ እየተለመደ ሔዷል። ኮሶ ጠጥቶ የሚውል ሰውማ እጅግ ጥቂት ሆኗል። በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ሕዝብ መካከል ለዘመናት አብረው የኖሩ ሙያዎች እንዲህ የተለያየ ዕጣ ገጥሟቸዋል።

ነገሩን ብዙ ጊዜ "ዘመናዊ ሕክምና መጣ፣ የባህሉ ቀረ" ብለን እናልፈዋለን። ይህ አባባል አንዱ ለምን እንደወደቀ፣ ሌላው ለምን እንደቆመ አይመልስም። ያለፉትን ሁለት መቶ ዓመታት ደረጃ በደረጃ ለተከተለ ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል። ዕፁ ያድናል ወይስ አያድንም የሚለው ጥያቄ ብቻውን ወሳኝ ሆኖ አያውቅም። ወሳኙ መጠኑን ለክቶ፣ ጉዳቱን መዝግቦ፣ ማስረጃውን እስከ ዳር የሚያደርስ ተቋም ከዕፁ ጀርባ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነበር። (በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምስክር ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር፣ በተለይም ክትፎ የክብር ማዕድ በሆነበት በጉራጌ ምድር፣ የኮሶ ትል እንግዳ በሽታ አልነበረም። ዛፉ የደጋ ዛፍ በመሆኑም ለደገኛው ሕዝብ መድኃኒቱ ከበሽታው እምብዛም አይርቅም ነበር። አወሳሰዱ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የሴቴው ዛፍ የአበባ ዘለላ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ከዚያም በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ ሳያርፉ ይጠጣል። የጠጣው ሰው ቀኑን እህል ሳይቀምስ ከቤቱ ይውላል፤ እንግዳም አይቀበልም። "ኮሶ ጠጥቷል" የተባለ እንደሆነ የመጣው ሰው ቅር ሳይለው ይመለሳል። ይህ ሁሉ በየሁለት ወሩ ገደማ ይደጋገም ስለነበር ኮሶ የመጠጣት ቀን በቤተሰቡ ኑሮ ውስጥ የታወቀ ቦታ ነበረው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ ቆይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ዛፉን በሥዕል አስደግፎ ገለጸው። በ1820ዎቹ ደግሞ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም መድኃኒቱ ሲሠራ አይቶ አበባውን ወደ ፓሪስ ላከ፤ የዕፅዋት ሊቁ ኩንትም ዛፉን በሐኪሙ ስም ሰየመው። ዛሬ በሳይንስ የሚጠራበት ሀጌንያ የሚለው ስም ደግሞ የአንድ ጀርመናዊ የመድኃኒት ሊቅ መታሰቢያ ነው። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ፋርማሲዎች ገብቶ እንደ ሸቀጥ ተሽጧል። በዚህ ሁሉ መካከል ወንዴውን ከሴቴው ለይቶ፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና መጠን አውቆ ያስተማረው ኢትዮጵያዊ በስም አልተጠራም። ይህን የማነሣው ለቁጭት ብቻ አይደለም። በኋላ በእንዶድ ላይ የደረሰው ነገር መነሻው ከዚህ ስለሆነ ነው።

በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በውኃ፣ በአየር፣ በምግብና በዕፅ መፈወስን የሚሰብክ እንቅስቃሴ ተነሥቶ ነበር። የባቫሪያው ቄስ ሰባስቲያን ክናይፕ ስለ ውኃ ሕክምና የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፉን ያወጣው በ1886 ነው። በዚያው ዓመት እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውኃ አጠገብ የአዲስ አበባን መቆርቆር አስጀመሩ። የክናይፕን መንገድ የተከተለው ቤኔዲክት ለስት በ1901 ኒው ዮርክ ውስጥ የናቹሮፓቲ ትምህርት ቤት ከፈተ። የኛም ሰው ፍልውኃ ይወርድ፣ ጠበል ይጠመቅ፣ ሥር ያሽ ቅጠል ይበጥስ ነበር፤ ልዩነቱ እዚያ መጽሐፍና ትምህርት ቤት ሲከተሉት፣ እዚህ ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር መተላለፉን መቀጠሉ ነው። ምስጢሩ ለባለሙያው ዋስትና ነበር፤ ዕፁን ሁሉ ቢያውቀው እንጀራው ይቀራል። ግን ያው ምስጢር ለዕውቀቱ ትልቁ አደጋ ሆነ።

በሰሜኑ ክፍል ደብተራው ቢያንስ በብራና ጽፎ አቆይቷል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 አሳትሟል፤ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲንም የኢትዮጵያን የሕክምና ብራናዎችና ዕፅዋት ያጠናባቸውን ሁለት ጥራዞች በ1968ና በ1973 አውጥቷል። የጉራጌው ዕውቀት ግን በቃል የተያዘ ነበር። አሜሪካዊው ዊሊያም ሻክ ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህል የጻፈው መጽሐፍ በ1966 እስኪታተም ድረስ ስለ አካባቢው ኑሮና ፈውስ በዝርዝር የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት "የኢትዮጵያ የባህል ሕክምና" ሲባል ለረጅም ጊዜ የብራናው ሕክምና ብቻ ይታሰብ ነበር፤ በእንሰት ጓሮ ውስጥ የሚኖረው ከቁጥር አልገባም።

ዘመናዊው ሕክምና በበኩሉ ቀስ ብሎ ነው የገባው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን አከመ፤ የምኒልክ ሆስፒታልም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ተቋቋመ። በ1918 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠፋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሕዝቡ የተደገፈው በነጭ ሽንኩርት፣ በፌጦና በጢስ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥሎ አካባቢን ማጠን እስከ ዛሬ ድረስ የቀረው ከዚያ መከራ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ነጭ ሽንኩርት ደግመን እናገኘዋለን።

ሕጉ ለባህል ሐኪሙ በሩን የዘጋበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1940ዎቹ የወጡት የጤና ሕጎች ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ የባህል ሕክምናን ፈቅደዋል። ፈቃድ ግን ድጋፍ አይደለም። መንግሥት ሆስፒታል ሠራ፣ ሐኪም አስተማረ፣ የባህል ሐኪሙንም "ካልጎዳህ ሥራ" ብሎ ተወው። ጉዳቱንም ጥቅሙንም የሚመዘግብ አልነበረም።

ጉራጌን ከዚህ አዲስ ዘመን ጋር ያገናኘው መንገድ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች በየሱቃቸውና በየሥራቸው ካገኙት ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅታቸውን አቋቋሙ፤ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። መንገዱ ሰውንና ሸቀጥን ብቻ አላመላለሰም። የፋርማሲ ኪኒንን ወደ ገጠር አስገባ፣ የገጠሩን ዕፅ ደግሞ ወደ መርካቶ አወጣ። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ኮሶና እንዶድ በመርካቶ መደብ ላይ ጎን ለጎን ሲሸጡ፣ ከጓሮ የተቀጠፈው ዕፅ የገበያ ዕቃ ሆነ። ማን እንደለቀመው፣ መቼ እንደደረቀ፣ ምን ያህል እንደሚወሰድ የሚያውቀው ሰው ከዕፁ የተለየውም ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ዘመን ነው አክሊሉ ለማ የሚነሡት። በ1935 የተወለዱት አክሊሉ በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት በዓድዋ ስለ ቢልሐርዚያ ሲያጠኑ አንድ ነገር ልብ አሉ፦ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ነበሩ። ቀንድ አውጣው የቢልሐርዚያን ጥገኛ ተሸካሚ ነው፤ እርሱ ካለቀ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። እንዶድ ለኢትዮጵያዊት እናት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ሸማ የሚያነጣ ሳሙና፣ ሥሩና ቅጠሉም በባህል ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ መድኃኒት ነው። አዲሱ ነገር ከውጭ ተምሮ የመጣ አንድ ኢትዮጵያዊ የእናቶቹን ዕውቀት እንደ ኋላ ቀርነት ሳይሆን እንደ ማስረጃ መነሻ መመልከቱ ነው። የተፈጥሮ ፈውስን በኢትዮጵያ ወደ ሳይንስ መንገድ ያስገባ ቀዳሚ ሰው ማን ነው ቢባል መልሴ አክሊሉ ለማ ነው። እንዶድ ውኃን ማከሚያ እንጂ የሰው መድኃኒት አይደለም የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ ቢሆንም በሽታን ከሥሩ ለማስቆም ከራስ ምድር የበቀለን ዕፅ መመርመር የተጀመረው በዚያ ወንዝ ዳር ነው።

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ከተማ በተደረገው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የቢልሐርዚያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያነጻጸሩ፣ ምርቱም ኃይሉም የበለጠውን ቁጥር 44 የተባለውን መረጡ። ሁለቱ ሰዎች በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ከ50 ወደ 7 በመቶ የወረደ አኀዝ ይዞ እንዶድ ለምን በየወንዙ አልተስፋፋም? መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ የጀርመን ኩባንያ መመለስ ያስፈልጋል። ባየር በ1950ዎቹ ኒክሎሳማይድ የተባለ ንጥረ ነገር ሠርቶ በ1959 ባይሉሳይድ በሚል ስም የቀንድ አውጣ ማጥፊያ አድርጎ ለገበያ አቀረበው። ብዙ ሳይቆይ ያው ንጥረ ነገር የኮሶ ትልን እንደሚገድል ታወቀና ዮሜሳን በሚል ስም የሰው መድኃኒት ሆነ። ስለዚህ በኢትዮጵያ ኮሶን ከማለዳው ጽዋ ያስወጣው ኪኒንና እንዶድን ከወንዙ ያስቀረው ኬሚካል አንድ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ማጥፊያ ኒክሎሳማይድ ነበር፤ ለእንዶድ ግን ተጨማሪ የመርዛማነት ምርመራ ለዓመታት ይጠየቅ ነበር። ምርመራውን መጠየቁ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ምርመራውን በራሳችን ገንዘብና በራሳችን ላቦራቶሪ ለመጨረስ አቅምም ቁርጠኝነትም አለመኖሩ ነው። በዚህ መካከል ባየርና ሜርክ በ1970ዎቹ ያገኙት ፕራዚኳንቴል መጣና ትኩረቱ ቀንድ አውጣን ከመግደል ሰውን በኪኒን ወደ ማከም ዞረ። ፕራዚኳንቴልም እንደ ኒክሎሳማይድ ሁሉ ለኮሶ ትልም ያገለግላል። ኮሶና እንዶድ ሁለት ጊዜ በተከታታይ በአንድ ተወዳዳሪ ተቀደሙ።

ኮሶን በተመለከተ የኪኒኑ ማሸነፍ አያስቆጭም። ከመጠን ያለፈ ኮሶ ዓይን እንደሚጎዳ በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል፤ ለነፍሰ ጡር አደገኛነቱም ከጥንት የታወቀ ነው። የዛፉ ዕጣ ግን ከመድኃኒቱ ዕጣ የተለየ ሆነ። መድኃኒትነቱ ሲረሳ እንጨቱ ለዕቃ ሥራ መፈለጉ ቀጠለ፤ በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዝግባ፣ ከጥድና ከዋንዛ ጋር እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መካከል አስገባው።

ከእንዶድ ጋር የሚነጻጸረው የቻይናው ጉዳይ ነው። ቻይና የወባ መድኃኒት ከባህል ዕፅዋቷ ለመፈለግ ፕሮጀክቷን የጀመረችው በ1967 ነው፤ አክሊሉ በዓድዋ ወንዝ ዳር ከቆሙ ከ3 ዓመት በኋላ። ቱ ዩዩ የጥንት መጽሐፍ ገልጣ በቀዝቃዛ መንገድ አርቴሚሲኒንን በ1972 አወጣች፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በችሎታና በጅምር እኛ አላነስንም። እዚያ መንግሥት ፕሮጀክቱን ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ ፋብሪካው ተሸክሞታል፤ እዚህ አክሊሉ ዕርዳታ ሰጪ ከመፈለግ አላረፉም፤ በኋላም ለዩኒሴፍ ሠርተው በ1997 ዐረፉ። በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረትን እንደሚገድል በ1990 አይተው የፈጠራ መብት አስመዘገቡበት። ኢትዮጵያ የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ያወጣችው በ2006 ነው።

ወደ ጉራጌ ስንመለስ ከ1970ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ያሉት ዓመታት ከሁሉ የበለጠ ሥራ የተሠራባቸው ናቸው። በ1978 የአልማ አታ ጉባኤ አገሮች የባህል ሐኪሞቻቸውን በመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት እንዲያሳትፉ ጠራ፤ ደርግም በ1979 በጤና ሚኒስቴር ሥር የባህል ሕክምና ማስተባበሪያ ቢሮ አቋቋመ፤ የልምድ አዋላጆች ሥልጠናም ተስፋፋ። የቢሮው ዕድሜ ረጅም አልሆነም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ክፍሉ በጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃለለ። ላቦራቶሪ አገኘ፤ ከወጌሻውና ከአዋላጇ ጋር የነበረው ግንኙነት ግን ሳሳ።

በእነዚያው ዓመታት ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው በአጣጥ የካቶሊክ ሆስፒታል ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በ1969 የተከፈተው ይህ ሆስፒታል በ1976 በአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱን የእናቶች ማቆያ ቤት አቆመ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ምጧ ሊከብድ ይችላል የተባለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ከሆስፒታሉ ግቢ ትቆያለች፣ ቤተሰቧ ስንቅ ያቀርባል፣ ምጥ ሲመጣ ሐኪሙ በእርምጃ ርቀት ላይ ነው። ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ተጠንተው ነበር። በማቆያ ቤቱ በኩል ካለፉት 6,805 እናቶች መካከል የሞት መጠኑ ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 90 ገደማ ሲሆን፣ ሳይቆዩ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ ከ1,300 በላይ ነበር። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠና በኋላ የደረሱ መሆናቸው ልዩነቱን እንዳሰፋው አያጠራጥርም፤ ያም ቢሆን አኀዙ የልምድ አዋላጅነት ለምን እንደወደቀ ይናገራል። አዋላጇ የምታውቀውን ታውቃለች፤ ደም ሲፈስና ልጅ ሲጋደም ግን የቢላና የደም ከረጢት ሥራ ነው።

አገር አቀፉ አኀዝም ያንኑ ይከተላል። በ2000ና በ2005 በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በጤና ተቋም የተወለዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 ቁጥሩ 10፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደረሰ። የእናቶች ሞትም ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 871 ከነበረበት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። መታጠፊያው በ2003 አካባቢ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፤ በየቀበሌው ሁለት ሁለት እየተመደቡ ከ30,000 በላይ ሴት ሠራተኞች ተሰማሩ። የልምድ አዋላጇን የተካው ሆስፒታሉ ብቻ አይደለም፤ ይህች የሰፈሩን ቋንቋ የምትናገር፣ ከቤት ቤት የምትዞር ወጣት ናት።

የጉራጌዋ ቡታጅራ ደግሞ የቁጥር ምንጭ ሆናለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመሩት የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ልደትና ሞትን በየቤቱ እየመዘገበ ኖሯል። በዚያው አካባቢ የተደረገና በ1999 የታተመ ጥናት ሕዝቡ ለአካል በሽታ ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ይበልጡን የባህሉን እንደሚመርጥ አሳይቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመድኃኒት ባለሙያዎች የቡታጅራንና የአዲስ አበባን ዕፅ አዋቂዎች አሠራር፣ እንዲሁም የገጠሩን ሰው በዕፅ ራስን የማከም ልማድ አጥንተዋል። ዳማከሴ ትኩሳት ስለማብረዱ በአይጦች ላይ የተደረገ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም በ2003 ወጥቷል። ይህ ሁሉ ጥሩ ጅምር ነው፤ ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ደረጃ ግን ለአብዛኛው ዕፅ አሁንም አልተጀመረም። በአገሪቱ ከሚገኙት 6,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎች ከ800 በላይ የሚሆኑት ለመድኃኒትነት እንደሚውሉ ተመዝግቧል። በሥርዓት ተመርምረው፣ መጠናቸው ተወስኖ ለበሽተኛ የሚታዘዙት ግን ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም።

ከሁሉም ጸንቶ የቆመው ወጌሻው ነው። በእዣና በቸሃ የእንሰት ጓሮዎች ለምግብ ብቻ ያልተተከሉ እንሰቶች አሉ። አስታራ፣ ጓርየና ቅብናር የሚባሉት ዓይነቶች አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ተመርጠው ይቆፈራሉ፤ አሚቾው ተቀቅሎ፣ ብዙ ጊዜ ከወተት ጋር፣ ስብራቱ እስኪገጥም ይበላል። ወጌሻው በጣቱ ዳስሶ የተሰበረውን ከወለቀው ይለያል፣ ቅቤ ቀብቶ ያሻል፣ ጎትቶ ቦታው ይመልሳል፣ ከዚያም በቀርከሃ ስንጥቅ ደግፎ ያስራል። የወለቀ ትከሻን በመመለስ የሚወዳደረው የለም። ችግሩ ያለው ከማሰሪያው ላይ ነው። እግሩ ወይም እጁ አብጦ ሳለ ጠብቆ የታሰረ ሕፃን ደሙ ይታገድና አካሉ ይሞታል፤ የአጥንት ሐኪሞች እጅ እግር ለመቁረጥ ከሚገደዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው መፍታት፣ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣም ሳይነኩ ወደ ሆስፒታል መላክ በአንድ ቀን ሥልጠና የሚያዙ ነገሮች ናቸው። የልምድ አዋላጇ ሥልጠና በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ወጌሻው የተዘለለበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም።

ጓሮውም እየተለወጠ ነው። ዳኛቸው ይርጉ በ1968 ያሳወቁት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ዛሬም መድኃኒት አልተገኘለትም። በእዣ ደጋ ባሕር ዛፍ፣ ወረድ ሲልም ጫት መሬቱን ይዘውታል፤ ሁለቱም ገንዘብ ያመጣሉና ገበሬውን መውቀስ አይቻልም። ቦታ ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚቀረው ለምግብ ብዙ የማይሰጠው፣ "ለአጥንት" ተብሎ ጥግ ላይ የቆመው እንሰት ነው።

የመጨረሻው መታጠፊያ ኮቪድ ነው። በማርች 2020 በሽታው ወደ አገር በገባ በቀናት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ተወደዱ፤ 1918 የተደገመ መሰለ። በዚያው ወር መንግሥት ከአገር በቀል ዕውቀት የተነሣ መድኃኒት በምርምር ላይ መሆኑን በይፋ ተናገረ፤ ሕዝቡም ብዙ ጠበቀ። ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ መግለጫ የወጣ፣ ሐኪም ጽፎ የሚያዝዘው መድኃኒት የለም። አስቸኳይ ጊዜ ለአሥርት ዓመታት ያልተሠራን ሥራ ሊተካ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በሕንድ ጃምናጋር የባህል ሕክምና ማዕከል ሲያቋቁም፣ ማስረጃ ይዘው የሚቀርቡት አገሮች ዕውቀታቸውን ቀደም ብለው የመዘገቡት ናቸው።

በጉራጌ ይህን ሥራ ለመጀመር የጎደለ ተቋም የለም። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከ2012 ጀምሮ በጉብሬ አለ፤ የአጣጥ ሆስፒታል ከጎኑ ነው፤ የቡታጅራ የምዝገባ ልምድም በእጅ ያለ ነው። ዩኒቨርሲቲው አስታራን፣ ጓርየንና ቅብናርን በአንድ ማሳ ተክሎ ቢያቆይ፣ በፈቃዳቸው የሚመዘገቡ ወጌሾችን ከሆስፒታሉ የአጥንት ባለሙያ ጋር ቢያገናኝ፣ ለአንድ ዓመት ያከሟቸውን ሰዎች ውጤት በጎም ይሁን ክፉ ቢጽፍ፣ አክሊሉ በዓድዋ ወንዝ ዳር የጀመሩት ዓይነት ማስረጃ ይኖረናል። የዞኑ ጤና መምሪያም የወጌሾቹን ሥልጠና በዚህ ዓመት ዕቅዱ ውስጥ ያስገባ። በእዣ ዛሬ ያሉት አዋቂ ወጌሾች ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸውም አዲስ አበባ ናቸው።